«ሁለት ናቸው» ብላ ነበር

የውጭኛው ክፍል ሳሎንም ማብሰያም ልብስ መስቀያም ነበር፤ ከሁሉ በላይ ግን የእናትየው የሥራ ቦታ ነበር። የስፌት መኪናዋ በመስኮቱ ሥር ቆሟል። በግራዋ ቆዳ መሳይ ጨርቅ፣ በቀኟ የገበር ጨርቅ፣ ከእግሯ ሥር ዚፕና የክር ጥቅል ስለሚከመር እንግዳ ሰው ከበሩ ወንበሩ ጋ ለመድረስ እንደ ፌንጣ መዝለል ነበረበት። ሴትዮዋ ቦርሳ ሰፊ ናት። እጇ ፈጣን፣ አፏ ከእጇ የፈጠነ፣ ቁጣዋ ቶሎ ነድዶ ቶሎ የሚበርድ። ባሏ ደግሞ የእሷ ተቃራኒ ነው፤ በየሰው ደጅ እየዞረ የውሃ ቆጣሪ የሚያነብ፣ ሆደ ሰፊ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው። ጎረቤቶቹ፣ እሱ የሰው ውሃ ሲቆጥር የገዛ ቧንቧው ያንጠባጥባል እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ለምን አይጠግነውም? ነገ ይጠግነዋል። ለእሱ ሁሉም ነገር ነገ ነበር።

ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። ታላቂቱ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በትምህርቷ ጎበዝ በመሆኗ መምህሯ «ቀለሜዋ» ብሎ ያወጣላት ስም እስከ ሰፈር ተከትሏት ገብቷል። ታናሺቱ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጉንጯ የሞላ፣ ክንዷ በክር የታሰረ የሚመስል ልጅ ስለሆነች ሁሉም «ድንቡሼ» ይላታል። ድንቡሼ እህቷ የነካችውን ሁሉ ካልነካች፣ የቀመሰችውን ሁሉ ካልቀመሰች ሰላም የላትም። ቀለሜዋም ብትነጫነጭባትም ከዓይኗ አታርቃትም። እናት በሥራ ስትወጠር ፀጉሯን የምታበጥርላት፣ የጫማዋን ክር የምታስርላት፣ አፍንጫዋን የምትጠርግላት እሷ ነበረች። ከዚህ የበለጠ እናትነት ከየት ይመጣል?

መከራው ወደዚያ ቤት የገባው ሲሳይ መስሎ ነው። ገበያ ውስጥ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ ሁለት መቶ የሳንቲም ቦርሳ አዘዘ። ቦርሳዎቹ በዚፕ ሳይሆን በማግኔት እንዲዘጉ ፈለገ። ማግኔቶቹን ራሱ በወረቀት ከረጢት አምጥቶ ሰጣት፤ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጡ፣ የሚያብረቀርቁ ክብ ነገሮች። ትንሽነታቸው ጉልበታቸውን ደብቆታል። ሁለቱን አቀራርበው ሲይዟቸው ከጣት አፈትልከው ይጣበቃሉ፤ ለማላቀቅ ጥፍር ያስለቅሳሉ። እናትየው በገበሩ ውስጥ እየሰፋች ትደብቃቸዋለች፤ የቀሩትን በስኒ ማስቀመጫ ሳህን ላይ ጠረጴዛዋ ጥግ ታኖራቸዋለች። መርፌና መቀስ ሥራዋን ስትጨርስ ሁልጊዜ ቁም ሳጥን ላይ ትሰቅላለች። መርፌ ይወጋል፣ መቀስ ይቆርጣል። ማግኔት ግን ምን ያደርጋል? ማንም አልነገራትም። ከረጢቱ ላይ አንዲት ፊደል አልተጻፈበትም። ነጋዴውም ቢሆን እንዳይጠፉባት ብቻ ነው ያስጠነቀቃት።

በዚያ ሰሞን በቀለሜዋ ትምህርት ቤት ትልልቆቹ ሴቶች አፍንጫቸውን እየተበሱ የሚያብለጨልጭ ጌጥ ማድረግ ጀምረው ነበር። ቀለሜዋ አንድ ቀን እንደ ዋዛ ነገሩን አነሳችው። እናትየው ከመኪናዋ ቀና እንኳ ሳትል፣ አፍንጫዋ ላይ ቅንጣት ነገር ብታይ አፍንጫዋን ነቅላ እጇ ላይ እንደምታስቀምጥላት ነገረቻት። ቀልድ ነበር፤ ቢያንስ ግማሹ። ልጅ ግን የቀልዱን ግማሽ ከቁጣው ግማሽ በምን ይለያል?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናት የተሰፋውን ልታስረክብ ወጣች። ቀለሜዋ ከሳህኑ ላይ አራት ማግኔት አነሳች። አንዱን ከአፍንጫዋ ውስጥ፣ ሌላውን ከውጭ ስታደርገው ሳትበሳ የተበሳች መሰለች። በመስታወት አየችውና ደስ አላት። ድንቡሼ ታዲያ ዝም ብላ ልታይ ነው? ለእኔም ካላደረግሽልኝ ብላ ወለሉን በእግሯ ደበደበችው። አፍንጫዋ ጠባብ ስለሆነ እህቷ ታችኛው ከንፈሯ ላይ አደረገችላት፤ አንዱን ከውስጥ፣ አንዱን ከውጭ። ድንቡሼ ራሷን በመስታወት አይታ ከት ብላ ሳቀች። በሳቋ መሃል የውጭው ወለል ላይ ወደቀ፤ የውስጡ ጠፋ።

«ዋጥኩት» አለች፣ ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ደረቷን ነፍታ።

ቀለሜዋ ደነገጠች። አፏን አስከፍታ አየች፤ ጀርባዋን መታ መታ አደረገች፤ ውሃ አጠጣቻት። ልጅቷ ግን ምንም አልሆነችም። ስትዘል ዋለች፣ እራቷን በላች፣ ተኛች። ቀለሜዋ ለእናቷ ብትናገር የማግኔቱ ነገር ብቻ አይደለም፣ የአፍንጫውም ጉዳይ አብሮ ሊወጣ ነው። ሆድ ይፍጀው አለች። በማግሥቱ እናት ግቢ ውስጥ ልብስ ስታጥብ ድንቡሼ ወንበር ስባ ወደ ሳህኑ ወጣች፤ እህቷ ስትደርስባት ከንፈሯን ይዛ ትታገል ነበር። እጇን ይዛ ብታስጥላት የወደቀው አንዱ ብቻ ነው። ሌላው እንደ ትናንቱ ወርዷል። ትናንት አንዱ ምንም ካላደረጋት ዛሬ ሁለተኛው ምን ያደርጋታል? ምስኪን ልጅ፣ እንዲህ ብላ ነበር ያሰበችው። እውነትም አንዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምናልባት እንደ ብርቱካን ፍሬ በመጣበት መንገድ ወርዶ በወጣ ነበር። በተለያየ ቀን የተዋጡት ሁለቱ ግን በተለያየ የአንጀት እጥፋት ውስጥ ሲጓዙ በአንድ ቦታ ተገናኙ። ከአንጀቱ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ሆነው ተሳሳቡ፤ መሃላቸው የገባውን ሥጋ ጨምቀው ያዙት፤ አለቀቁትም።

ሰኞ ድንቡሼ አስመለሳት። ማክሰኞ ሆዷን ይዛ አለቀሰች። እናት ሥራዋን ጥላ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ተራ ጠብቀው የገቡበት ክፍል ውስጥ የቆዩት ወንበር ሳይሞቅ ነው። የሚመረምረው ጤና መኮንን ወጣት ነው፤ ደጁ ላይ አርባ ሰው ቆሞበታል። ምግብ ነው አለ፤ ሽሮፕ ጻፈ። ሐሙስ ተመለሱ። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ ስነካት ትጮኻለች ብላ እናት ገና ሳትጨርስ ብዕሩ መጻፍ ጀምሮ ነበር። አሁን ደግሞ ወስፋት ነው ተባለ። እናት መድኃኒቱን ይዛ ደጅ ስትወጣ በሩን በእርግጫ መምታት አማራት። ለማን ትናገር? ተናግራ የነበረው ለእሱ አልነበረም?

በዚያ ሳምንት ቀለሜዋ የእህቷን ፖፖ ማንም ሳያዛት በየቀኑ ወደ ግቢው ጥግ ትወስድ ነበር። ስንጥር እንጨት ይዛ፣ አፍንጫዋን በክንዷ ሸፍና፣ ቀስ እያለች ትበታትነዋለች። ይወጣሉ ብላ ነበር። እናት ይህን ትጋት በመስኮት አይታ፣ ልጃችን አደገች ብላ ለባሏ ነገረችው።

አርብ ጠዋት ድንቡሼ ቢጫ ነገር አስመለሳት። እናት ጫማዋን ልታደርግላት ስትንበረከክ ቀለሜዋ ከጀርባዋ መጥታ ቆመች። 

«እማዬ… ማግኔት ውጣለች። ሁለት። አንዱን ቅዳሜ፣ አንዱን እሑድ።»

የእናትየው እጅ ወደ ላይ ተነሣ። አልመታቻትም፤ አየር ላይ ቀርቶ ተመልሶ ወረደ። መምታቱ ምናልባት ይሻል ነበር። ድንቡሼን አቅፋ፣ ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ሮጠች፤ ባሏም ከሥራው ተጠርቶ ደረሰ፤ ቀለሜዋም እያለከለከች ተከተለቻቸው። ጤና መኮንኑ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ፈካ እንጂ አልደነገጠም። ሳንቲም የዋጡ፣ ቁልፍ የዋጡ ስንት ልጆች እንዳየ፣ ሁሉም በራሱ እንደወጣ አወራላቸው። ይሁንና ራጅ ትነሣ አለ። ራጅ አንሺው ምሳ ወጥቷል። ራጅ አንሺው ሲመለስ ካርዱ ጠፋ። ካርዱ ሲገኝ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመጣ ድንቡሼ ማልቀስ ትታ ዓይኗን ኮርኒሱ ላይ ተክላ ነበር። በመጨረሻ ጥቁሩ ፊልም መስኮቱ ላይ ተለጠፈ፤ በዚያ ሁሉ ግራጫ መሃል አንዲት ነጭ ነጥብ ታየች።

«አንድ ናት» አለ ጤና መኮንኑ። «እየወረደች ነው። ሰኞ አምጧት።»

ቀለሜዋ ከአባቷ ጀርባ ብቅ ብላ «ሁለት ናቸው» አለች።

እሱ ፈገግ ብሎ ወደ እናትየው ዞረ። «እናት፣ ማሽን አይዋሽም። ልጅ ሲደነግጥ ግን ያጋንናል።»

«ሁለት ናቸው። እኔ አይቻለሁ» አለች ልጅቷ ደግማ።

ያን ጊዜ የአምስት ቀን ፍርሃት፣ የአምስት ቀን ተራ፣ የአምስት ቀን ንዴት ሁሉ በአንድ በኩል ቀዳዳ አገኘና እናትየው ዞረችባት። «በቃ፣ አፍሽን ዝጊ። ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብለሽ ከርመሽ ዛሬ ልትቆጥሪልን ነው?»

ልጅቷ አፏን ዘጋች። አባትየውም የማሽኑን ቃል መረጠ፤ ማረፍ ፈልጎ ነበር፤ ማረፍ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የሚያሳርፈውን ያምናል። የሰው ነገር አይገርምም? ስትፈራ ሳትናገር ቀረች ብለን እንቆጣታለን፤ ደፍራ ስትናገር ደግሞ አናምናትም!

ቅዳሜ ድንቡሼ ተሻላት። ሾርባ ፉት አለች፤ አባቷን ዘፈን አዘፈነችው። እናት ከስንት ቀን በኋላ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። በዚያ ቤት ያልተደሰተች ቀለሜዋ ብቻ ነበረች። አባቷን ሁለቴ ጎትታ እህቷን ሌላ ሐኪም እንዲያሳያት ለመነችው፤ ነገ ሁኔታዋን እናያለን አላት። ጭንቀቱ ሲብስባት ብቻዋን፣ በእግሯ፣ እስከ ጤና ጣቢያው ሄደች። ጤና መኮንኑን አንድ ቃል ብቻ እንደምትነግረው ለጥበቃው አስረዳች። ጥበቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፊቷን አይቶ አዘነላት፣ ነገር ግን ትልቅ ሰው ይዛ እንድትመጣ ነገራት። ትልቅ ሰው! ትልልቆቹ ቤት ተቀምጠው እያረፉ ነበር።

እሑድ ጠዋት የድንቡሼ ከንፈር ነጣ። ሆዷ ድንጋይ ሆነ፤ ገላዋ እንደ ምድጃ ነደደ። በጎረቤት መኪና ከትልቁ ሆስፒታል ሲደርሱ ቀዶ ሐኪሟ፣ ፀጉሯ የሸበተ ደርባባ ሴት፣ የልጅቷን ሆድ አንዴ ብቻ ዳሰሰችና ነርሶቹን ጠራች። ምን እንደዋጠች፣ ስንት እንደሆኑ ጠየቀች። አባትየው አንድ አለ። ሐኪሟ ፊቷን ወደ እናት መለሰች። እናት ቀለሜዋን አየቻት። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ቆማለች፤ ዝጊ ተብላ የለ?

«ሁለት» አለች እናት። «ታላቋ ሁለት ናቸው ብላ ነበር።»

«መቼ ነው ያለችው?»

«አርብ።»

ሐኪሟ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍሉ እየሮጠች ገባች።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ስትወጣ ጭንብሏን አገጯ ላይ አውርዳ፣ በትንሽ የብረት ሳህን ሁለቱን ማግኔቶች ይዛ ነበር። ተጣብቀዋል፤ አሁንም አልተላቀቁም። ትይዩ ሆነው ስለቆሙ ከፊት ለፊት በተነሣው ራጅ አንዱ ሌላውን ሸፍኖት እንደነበር አስረዳች። ከጎን ቢነሣ ኖሮ ሁለትነታቸው ይታይ ነበር። መሃላቸው የተያዘው አንጀት ሞቶ ተበስቷል፤ በቀዳዳው የፈሰሰው ሆዷን መርዞታል። ቆርጠን አውጥተናል አለች፤ ብዙ ነው የቆረጥነው። ሳንቲም ሳንቲም ነው፣ ማግኔት ግን ሁለት ከሆነ አንድ ሰዓት አይጠበቅም ነበር… ይህን ስትናገር ዓይኗ ከሰዎቹ ይልቅ ወለሉን ያይ ነበር። እናትየው ልጆቿን ስታቆላምጥ «አንጀቴ» ትል የነበረች ሴት ናት። ያን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፏ የሰማ የለም።

ሰኞ ድንቡሼ ለጥቂት ደቂቃ ነቃች። በአፍንጫዋ ቱቦ፣ በክንዷ ግሉኮስ ተሰክቶባታል። ያ ድንቡሽ ያለ ጉንጭ በሳምንት ውስጥ ወዴት ሄደ? እናቷን አየቻት፤ ከዚያ ዓይኗ ከበሩ ላይ ቀረ።

«እሷስ?» አለች።

ቀለሜዋ ከበሩ ማዶ ነበረች። የሕፃናቱ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ደንብ ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ያለ ጠያቂ አያስገባም፤ እሷ ደግሞ ልክ አሥራ አንድ ናት። አባትየው፣ ያ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው፣ በኮሪደሩ መሃል ቆሞ ጮኸ። ለመነ። ተንበረከከ። ነርሷም አለቀሰች፤ በሩ ግን አልተከፈተም፤ የሚፈቅዱት ኃላፊ ነገ ጠዋት ነው የሚገቡት ተባለ። ነገ! ያ ቃል እንደዚያ ቀን መርሮት አያውቅም። ማክሰኞ ጠዋት ኃላፊው ገቡ፤ ፈረሙ። ወረቀቱ ከቢሮ እስከ ክፍሉ ደረጃውን ሲወጣ ድንቡሼ አርፋለች። ቀለሜዋ የገባችው እህቷ በአንሶላ ከተሸፈነች በኋላ ነው። ገልጣ የእህቷን ፀጉር በጣቶቿ አበጠረችው፤ ከዚያ አንሶላውን መልሳ ወጣች። አላለቀሰችም።

ቀብሩ አለፈ። ጎረቤት መጣ፣ ተቀመጠ፣ ዕድሏ ነው አለ፣ ሄደ። እናትየው ጤና ጣቢያው ሄዳ ያን ጤና መኮንን ፊት ለፊት አገኘችው፤ ራጁ ያሳየውን እንዳየ ነገራት። እንቅልፍ እንዳጣ ግን ከዓይኑ ሥር ይነበብ ነበር፤ ስለዚህ ይዛ የሄደችውን ስድብ ሁሉ ይዛው ተመለሰች። ነጋዴው ጋ ሄዳ ቢያንስ ከረጢቱ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲለጥፍ ጠየቀችው። እሱ ማግኔት የሸጠው ለቦርሳ እንጂ ለመብል እንዳልሆነ መለሰላት። ያልተሰፉትን ማግኔቶች አንድ በአንድ ቆጥራ በቆርቆሮ ዘግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለትና ወጣች። ባሏ ደግሞ በየደጁ ቆጣሪ ሊያነብ ሲሄድ ልጅ ያላቸውን እየጠየቀ ይናገር ጀመር፤ ትንንሽ ማግኔት ካላችሁ አርቁ፣ ከተዋጠ ደግሞ ይወጣል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ልጁ የነገራችሁን ቁጥር እመኑ ይላል። አንዳንዱ ደንግጦ ቤቱን ይፈትሻል። አንዳንዱ ራሱን ነቅንቆ የዚህ ወር ውሃ ለምን እንደጨመረ ይጠይቀዋል። እሱም ጥርሱን ነክሶ ቁጥሩን ጽፎ ወደሚቀጥለው በር ይሄዳል። ሌላ ምን ያድርግ?

ቀለሜዋ ግን መናገር አቆመች። ስትጠራ ትመጣለች፣ ስትታዘዝ ትሠራለች፤ ቃል ግን የለም። መምህሯ ቤት ድረስ መጥቶ፣ ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት እንደተወች፣ መልሱን እያወቀች ዝም እንደምትል ነገራቸው። ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ወሩ ሁለት ሆነ። እናት አባበለች፣ ተቆጣች፣ ለመነች፤ ከግድግዳ ጋር መነጋገር ሆነባት። የሚያናድዳትም ይኸው ነበር፤ የሚከፈተው በር የትኛው እንደሆነ አለማወቋ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቀለሜዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ደብተር ስትሸፍን እናት መኪናዋን አቆመች። ተነሥታ መጣችና ጨርቁ ላይ፣ ከልጇ ፊት ተቀመጠች። ብዙ ልትል አስባ ነበር። አፏ ላይ የመጣው ግን ጥቂት ነው።

«አላመንኩሽም። እውነቱን ነግረሽኝ አላመንኩሽም። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ልጅቷ መቀሱን አስቀመጠች። ድምፅዋ ሲወጣ ሻክሮ ነበር።

«እኔም ቶሎ አልነገርኩሽም።»

«ፈርተሽኝ ነዋ።»

ቀለሜዋ ውሸት ብትናገር እናቷን ልታሳርፋት እንደምትችል ታውቃለች፤ አልዋሸችም።

«አዎ» አለች።

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው፤ በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን፣ በሆስፒታሉ በር ያላለቀሰችውን ሁሉ። ዕድል ነው ይላል ሰው፤ ዕድል ብሎ ይሸፍነዋል። እውነት ዕድል ይሆን? ያ ነጥብ ከጎን ቢታይ፣ ያ ጥበቃ አንዲት ልጅ ቢያስገባ፣ ያቺ እናት ከቁጣዋ አንድ ትንፋሽ ብታስቀር… ማን ያውቃል? የሄደችው አትመለስም፤ ይህን ሦስቱም ያውቃሉ። ያቺ እናት ግን በዚያ ከሰዓት በኋላ የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሰው ሲያባብል እንደሚለው «ዝም በይ» አላለቻትም። እስክትጨርስ አዳመጠቻት።